የሚያቃስተው በር

በ9ኛው ወር፣ በ12

ዛሬ የማማርረው ስለ እማማ ፑ ጆሮ ነው። ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል። ስጠራቸው አይሰሙኝም። ገበያ ላይ የዳክዬ ዋጋ ሲነገራቸው “ምን አልክ?” ይላሉ። የእኔ በር ሲከፈት ግን ሁለት ግድግዳ አልፎ ይሰማቸዋል። ዛሬም ጠዋት መጡብኝ።

“ቺፉ! ይህን በርህን ዘይት አጠጣልኝ። ለሽንት በተነሳህ ቁጥር እኔም አብሬህ እየተነሳሁ ነው።”

“እማማ፣ በሬ መነኩሴ ነው። ቅባት አይቀምስም።”

“ዘይቱ ከጎመን ዘር ነው የሚጨመቀው፤ መነኩሴም ይበላዋል።”

“ይሄኛው ከመነኮሳቱም የጠበቀ ነው።”

“አንተም እንደ በርህ ደርቀህ ቀረህ!” ብለውኝ ሄዱ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ጠብታ ይበቃዋል። የቀኝ ሳንቃው የእንጨት እግር በድንጋዩ ጎድጓዳ ውስጥ ሲዞር ነው የሚያቃስተው። እኔ ደግሞ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፤ የዘይት ጠርሙስ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። ግን ይቅር። በር ድምፅ ሲኖረው ጥሩ ነው። ሰው ሲመጣ ይታወቃል።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የወንድሜ ልጅ ሱዪን ናት። ሽፋኑ ላይ ድመት አለ። “አጎቴ፣ ግማሹን ወሬህን ለዚህ ንገረው፤ እኔ ግማሹ ይበቃኛል” አለችኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በየግድግዳው ከተጻፈው መፈክር ላይ ነው። ስለዚህ ስጽፍ አዋጅ የማውጅ ይመስለኛል።

በ9ኛው ወር፣ በ20

መንገድ ሊሰፋ ነው። የከተማዋ ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው በየቤቱ ግድግዳ ላይ “ፈራሽ” ብለው በነጭ ቀለም ጻፉ። የእኔን የጻፈው ጎረምሳ የእጅ ጽሑፉ ያምራል። “ጎበዝ!” ስለው ደነገጠ፤ የሚሰደብ መስሎት ነበር።

ብርዱ ሳይጠና ሁላችንም ከገበያው ጀርባ ወደተሠሩት ፎቆች እንገባለን ተብሏል። እማማ ፑ “አሳንሰር አለው?” ብለው ጠየቁ። የለውም ተባሉ። “እንግዲያው በእኔም ግንባር ላይ ጻፉልኝ” አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቤት ስገባ በሩን ደጋግሜ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። እንዲሁ።

በ10ኛው ወር፣ በ3

አለቃ ታን መጣ።

አለቃ ታን ማለት ከወንዙ ማዶ ያሉትን የሙዚየም አዳራሾች ያቆመው ሰው ነው። ድሮ ሩዝ ይዘራበት በነበረው ማሳ ላይ አዳራሽ በአዳራሽ ደርድሮ፣ ሀገራችን ባለፈው መቶ ዓመት የተጠቀመችበትን ሁሉ እዚያ አጭቆታል። የጃፓን ጦርነት ዘመን የራስ ቁር አለ። መፈክር የታተመበት መስታወትና የሻይ ቴርሞስ አለ። ከከተማ ወደ ገጠር የተላኩት ወጣቶች የተሸከሙት ቅርጫት አለ። መንግሥት አይደለም ያስቆመው፤ የገዛ ራሱ አምሮት ነው። የትም ቤት ሲፈርስ ከአፍራሾቹ ቀድሞ ይደርሳል። ሰው “አሞራው” ይለዋል። ያውቃል፤ ይስቃል።

የእኔን በር አይቶ ቆመ። ገፋው። አልተከፈተም።

“ተቆልፏል?”

“አልተቆለፈም፣ አለቃ።”

በትከሻው ገፋው። እኔ የዱባ ፍሬ እየፈለፈልኩ አየሁት።

“ምነው ትስቃለህ?”

“ትልቅ ሰው ከበር ጋር ሲታገል ማየት ደስ ይለኛል።”

ትንሽ ካደከምኩት በኋላ አሳየሁት። የቀኝ ሳንቃው ከጊዜ ብዛት ዘንበል ብሏል፤ ደፉ ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ በጉልበት ከታች ከፍ ይደረጋል፣ ከዚያ ነው የሚገፋው። አለቃ ታን ውድ ሱሪውን አቧራ አስነክቶ ጉልበቱን አስጠጋ። በሩ አቃሰተ፤ ሲያቃስት ሰውዬው እንደ ሕፃን ሳቀ።

“ስጠኝ” አለ።

“ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ አንድ በር አለኝ። እሱንም?”

“አፍራሾቹ ማገዶ ነው የሚያደርጉት፣ ሜንግ ወንድሜ” አለ፤ በቤተሰባችን ስም ነው የሚጠራኝ።

ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አስማልኩት። አንደኛ፣ በገዛ ድንጋዩ ላይ እንዲቆም። ሁለተኛ፣ ማንም ዘይት እንዳያስነካው።

“ሌላው ሰው ስሙ እንዲጻፍለት ነው የሚለምነኝ” አለ። “ያንተ ልመና ለጉድ ነው። ደግሞ በሩ ለሚቆምበት አዳራሽ ጠባቂ እፈልጋለሁ። ከበሩ ጋር አብረህ ና።”

“እኔንም ሊሰበስቡኝ ነው?”

“ቦታ አለኝ” አለ።

በ10ኛው ወር፣ በ11

በሩ ተነቀለ። ቤቱ ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ቀረ። በመግቢያው ላይ ላስቲክ ሰቅዬ አደርኩ። ነፋስ።

ጠዋት እማማ ፑ “ዛሬ ገና በሰላም ተኛሁ” አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ “ግን ደህና እንቅልፍ አልነበረም። አለሁ እንዴ እያልኩ አደርኩ” አሉ።

በ10ኛው ወር፣ በ19

ፎቁ ውስጥ ነኝ። አራተኛ ደርብ። በሩ ብረት ነው፤ ሲከፈት ድምፅ የለውም፣ እንደ ሌባ ነው። ደወሉ እንደ ወፍ ይዘምራል። መሃሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በእሷ ሲያዩት ሰው ሁሉ አሳ ይመስላል። ሱዪን ስትመጣ “የትኛዋ አሳ ናት?” አልኳት። “በርበሬ የበዛባት” አለችኝ። የልጅ ነገር! እናትና አባቷ ቼንግዱ ከተማ ገብተው ከቀሩ ወዲህ እዚህ ያላት ዘመድ እኔ ነኝ፤ ምላሷንም ከእኔ ነው የወሰደችው።

አንድ ነገር ብቻ አልተዋጠልኝም። የድሮውን ቤት የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ቢመጣ ምን ያገኛል? አስፋልት። ማንን ይጠይቃል? ጎረቤቱ ሁሉ በየደርቡ ተበትኗል።

ይመጣል የምለው ሰው ኖሮ አይደለም። እንዲሁ ነው ያልኩት።

በ11ኛው ወር፣ በ2

አለቃ ታን ቃሉን ጠብቆ አዳራሹን እንድጠብቅ ቀጥሮኛል። አዳራሹ ገና አልተከፈተም። ስለዚህ ቀኑን ሱዪን በምትሠራበት፣ የአለቃ ታን አሮጌ ወረቀት በሚታደስበት ክፍል አሳልፋለሁ፤ እዚያ በእንፋሎት ስለሚሠሩ ይሞቃል። እማማ ፑም ለሙቀቱ ብለው ይመጣሉ፤ “ሱዪንን ልይ” ይሉና ልጅ ሳያዩ ምድጃው አጠገብ ይተኛሉ።

የበሬ ሁለት ሳንቃዎች ጠረጴዛ ላይ ተጋድመዋል። ሱዪን በእንፋሎት እያረጠበች፣ በቀርከሃ ቢላ ወረቀቱን ከየጥጉ በየንብርብሩ ታነሳለች። በየዓመቱ አንዱን በሌላው ላይ ስንለጥፍ ኖረን የለ! ከላይ አምና የለጠፍኳቸው የበር ጠባቂ አማልክት፣ አንደኛው ዓይኑ በዝናብ ፈስሶ። ከእነሱ ሥር “ትንሽ ውለዱ፣ ብዙ ዛፍ ትከሉ”። ከዚያ ሥር የአብዮቱ መፈክሮች፤ “ሕዝብ” የሚለውን ፊደል የለየሁት እዚያ ላይ ነው። በልጅነቴ በጣቴ ስከተለው የጠቆረው አሁንም አለ። ከሁሉም ሥር፣ እንጨቱ ላይ፣ በጃፓን ጦርነት ጊዜ በቀለም የተጻፈ ነገር ጫፉ ታየ። አለቃ ታን ይህን ሰምቶ ሮጦ መጣ፤ አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ በደረቱ ሊተኛበት ምንም አልቀረው።

ከሰዓት በኋላ ነው ቀዩ የወጣው።

በመሃል ካሉት ንብርብሮች አንዱ ነው። “ደስታ” የሚለው ፊደል ሁለት ጊዜ ተጋጥሞ፣ በመቀስ የተቆረጠ የሰርግ ወረቀት፤ በእያንዳንዱ ሳንቃ አንድ አንድ። ቀለሙ እንደ ደረቀ በርበሬ ሆኗል።

“የእናቴና የአባቴ ሰርግ!” ብላ ሱዪን ዘለለች።

እማማ ፑ ነቁ። “ይሄማ በእኔ ሩዝ ውሃ ነው የተለጠፈው” አሉ። “ያን ዕለት እኮ ያቺ የከተማ ልጅ መጥታ ነበር።”

“የቷ የከተማ ልጅ?” አለች ሱዪን።

“እናንተ ኋላ ክፍል ትኖር የነበረችው፣ የቾንግቺንግ ከተማዋ ልጅ። ቀጭኗ። ቦርሳ አንግታ እዚህ በር ፊት ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። ‘ግቢ እንጂ ልጄ፣ ሰርግ ነው’ አልኳት። ‘የማን ሰርግ?’ አለች። ‘የእነ ሜንግ ልጅ አገባ’ አልኳት። ቤቱ ባዶ ነበር፤ ሁሉም ሙሽራዋን ሊያመጣ ሄዷል። የሰርጉን ከረሜላ ዘግኜ ሰጠኋት፣ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ‘እንኳን ደስ ያለው በሉልኝ’ ብላ በመጣችበት አውቶቡስ ተመለሰች።”

“መልእክቱን ነገሩት ታዲያ?” አለች ሱዪን።

“ማንን? ያን ዕለት ስንት ሥጋ ነበር! ረሳሁት።”

እኔ ሳቅሁ። “እማማ፣ ከእርስዎ ጋር መልእክት ከመላክ በወንዝ መላክ ይሻላል” አልኳቸው። ሱዪን ግን አልሳቀችም። ወደ እኔ መጥታ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደች። ለካ የፈላውን ውሃ ጫማዬ ላይ እያፈሰስኩት ኖሯል።

በ11ኛው ወር፣ በ3

ጭጋግ። ብርድ። ምንም የሚጻፍ የለም።

በ11ኛው ወር፣ በ4

እግሬ ተቃጠለ። ቀላል ነው። የሚጻፍ የለም።

በ11ኛው ወር፣ በ6

ስሟ ዋንጄን ነበር። ይህን የምጽፈው ሱዪን የሰፈሩን ታሪክ ጻፍ ስላለችኝ ነው።

የከተማ ወጣቶች ከገበሬ ተማሩ ተብለው በየመንደሩ ሲላኩ ለእኛ ቀጭኗ ደረሰችን። እናቴ የኋላውን ክፍል ሰጠቻት። የመጀመሪያው ቀን ከማሳ ስትመለስ በሩ አልከፈት ብሏት፣ ሰው መጥራት አፍራ ዝናብ ላይ ቆማ አገኘኋት። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ነው። “ይህ በር ሰነፍ አህያ ነው” አልኳት። “መጀመሪያ በጉልበትሽ ከፍ፣ ከዚያ ግፊ። ቆመሽ ብትለምኚው አይሰማሽም።” ሞከረች። አቃሰተ። ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ በሩን እሰማ ነበር። ሁሉም ሰው አከፋፈቱ የተለያየ ነው። የእሷ አጭር ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ጥያቄ።

በጣም አበሽቃት ነበር። እጇን፣ የቾንግቺንግ አነጋገሯን፣ በርበሬ ስትበላ የምታለቅሰውን። እሷም ታበሽቀኛለች። መጽሐፍ እያነበበች ትቀመጥና “አዋጅ ነጋሪው፣ ና ይህን ፊደል ንገረኝ” ትለኛለች። ከግድግዳ ያልለቀምኳቸውን ፊደላት የሰጠችኝ እሷ ናት። “ናፍቆት” የሚለውን ለምሳሌ። ግድግዳ ላይ ማን ይጽፈዋል?

ብዙ ዓመት ቆየች። ከዚያ አንድ ክረምት፣ ወጣቶቹ ወደየከተማቸው ይመለሱ የሚል ትእዛዝ መጣ፤ ግን ያላገባ ነው የሚመለሰው፣ ያገባ እዚያው ይቀራል። መንደሩ ሁሉ እኔን አየ። እናቴ “ምነው አትናገርም?” አለችኝ። ምን ብዬ ነው የምናገረው? አፌን ብከፍት እኮ እዚሁ ጭቃ ውስጥ ልትቀር ነው። “ሂጂ” አልኳት። “በርበሬያችንን ሳትጨርሺብን ሂጂልን።” ቀለድኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ።

አውቶቡስ ጋ ስሸኛት “የጎመን ዘሩ አበባ ሲያወጣ መጥቼ ያን ሰነፍ አህያ እገፋዋለሁ” አለችኝ። ማሳው ቢጫ ሆነ። በዚያው ሰሞን ወንድሜ አገባ፤ የሙሽራዋን ሣጥን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ወር ጠበቅሁ። ከተማ ስትገባ ረሳችን አልኩ። ደግሞም ይገባታል አልኩ።

ለካ መጥታለች። ለካ በሩ ፊት ቆማለች። ቀዩን አየች።

እንዲህ ያለ ወረቀት የተለጠፈበትን በር ማን ይገፋል? እኔም ብሆን አልገፋም ነበር።

ሆድ ይፍጀው። የሰፈር ታሪክ ይበቃል።

በ11ኛው ወር፣ በ9

አለቃ ታን ቆርጧል። የጦርነቱ ዘመን ጽሑፍ እንዲታይ ከሁለቱም ሳንቃ ላይ ሌላው ሁሉ ይነሳ አለ።

“ያንሱት!” አልኩ። “ቀዩንም ያንሱት፣ ያቃጥሉት!” ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ እማማ ፑ እንኳ ነቁ። አለቃ ታን አጉሊ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

በ11ኛው ወር፣ በ10

ሳይነጋ ሄጄ ከቢሮው በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

“አለቃ፣ ቀዩን አያንሱት።”

“ትናንት አቃጥሉት አላልክም?”

“ትናንት ጥርሴን አሞኝ ነበር።”

“ሰርግ በየበሩ ነው፣ ሜንግ። የጦርነቱ ጽሑፍ ግን ስንት ቦታ ቀረ?”

እንዲህ ነበር የማስበው፤ ያ በር እሷ የምታውቀው በር እንዲሆን ቀዩ ያስፈልጋል። መጨረሻ ያየችው እሱን ነው። እሱ ከተነሳ ያየችውን ስህተት ማን ያርመዋል? ይህን ለሰውዬው እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ? “አንድ ሳንቃ ለእርስዎ፣ አንድ ለእኔ” አልኩት። “እንደ ገበያ ሴቶች እንካፈል።”

ቁልፉን በቢሮው በር ላይ አዞረ። “የግራው የእኔ” አለ።

በ11ኛው ወር፣ በ22

በሩ ቆመ። በገዛ ድንጋዩ ላይ ነው፤ ዘይት አልነካውም። በግራ የጦርነቱ ጽሑፍ፣ በቀኝ ቀዩ ደስታ። ከበሩ ኋላ የእኛን ቤት የሚመስል ባዶ ክፍል ሠርተዋል፤ የእኔ ወንበር እዚያ ነው። ጎብኚዎች ይገፉታል፣ አይከፈትም፤ የተቸነከረ ይመስላቸዋል። እኔም ምስጢሩን አልነግራቸውም።

የዓመቱ አጭሩ ቀን ነውና አለቃ ታን ሠራተኛውን ሁሉ የበግ ሾርባ አበላ። ሱዪን ከጎድጓዳ ሳህኗ የእኔ ውስጥ ሥጋ ስትጨምር “አጎቴ፣ ያቺ ልጅ…” አለች። “ሾርባው ይቀዘቅዝብሻል” አልኳት።

በ11ኛው ወር፣ በ25

በበሩ ጎን መግለጫ ተሰቀለ። “የመንደር በር። በግራ፦ የጦርነት ዘመን ጽሑፍ። በቀኝ፦ የሰርግ ወረቀት።” በቃ። የማን ሰርግ? ያው እንደ እማማ ፑ ነው፤ “የእነ ሜንግ ልጅ።”

ብሩሽ አለኝ። ቀይ ወረቀትም አለኝ። የሩዝ ውሃም አለኝ።

በ11ኛው ወር፣ በ26

ጥፋት አጠፋሁ፤ ደስ ብሎኛል። ከመግለጫው ሥር እንዲህ ብዬ ለጥፌአለሁ፦

“ሰርጉ የታላቅ ወንድም ነው። ታናሹ ያን ዕለት ሣጥን ተሸክሞ ነበር። እስካሁን አላገባም። በሩም ዘይት አልነካውም።”

በ12ኛው ወር፣ በ4

ሰው እየሳቀ ፎቶ ያነሳል። ኑድል ሻጯ ወይዘሮ ኩዋንግ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከትናንት ወዲያ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች።

“ለዕይታ ቀርበሃል ሲሉኝ ነው የመጣሁት” አለች። “ጥርስህ የራስህ ነው?”

“የላዩ የእኔ ነው፣ የታቹ የመንግሥት።”

“ኑድል ትወዳለህ?”

“ኑድሉን እወዳለሁ” አልኩ።

ገባት፤ ብልህ ሴት ናት። በማግስቱ አንድ ሳህን ላከችልኝ፣ በርበሬው ግን ለበቀል የተጨመረ ነው።

ዛሬ አለቃ ታን አየው።

“ይህ ሙዚየም ነው ወይስ የደላላ ቤት?”

“አለቃ፣ መግለጫው ያልጨረሰውን ነው የጨረስኩት።”

ሊቀደው እጁን ዘረጋ። ድጋሚ አነበበው። የመጨረሻዋን መስመር በጣቱ ነካት። “ዘይት አይንካው ያልከኝ ለዚህ ነው?”

እግሬን አሳከከኝ።

“እስከ አዲስ ዓመት ዋዜማ ይቆይ” አለ። “በበዓሉ ማግስት ከክፍለ ሀገር ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ዋዜማው ማታ በገዛ እጅህ ታነሳዋለህ።” ሲሄድ ዘወር ብሎ “ወረቀቱን አትጣለው፤ ለእኔ ነው” አለ። አሞራ!

በ12ኛው ወር፣ በ16

ሱዪን የቼንግዱ ጋዜጣ ይዛ መጣች። በመጨረሻው ገጽ፣ ሰው በሚስቅበት ጥግ፣ የበሬ ፎቶ። ከሥሩ “ሚስት የሚፈልገው በር” ብለውታል።

“ሚስት አይደለም የሚፈልገው” አልኩ።

“ምንድን ነው ታዲያ?”

ቋሊማውን መስቀያው ላይ መደርደር ጀመርኩ። ከኋላዬ ቆመች። “አጎቴ፣ እኔ እኮ የዚያ ሰርግ ልጅ ነኝ” አለች፤ ድምፅዋ ተቀይሯል። “ያ ወረቀት ባይለጠፍ…”

“ያ ወረቀት ባይለጠፍ አንቺ አትኖሪም፣ እኔን የሚሰድበኝ ይጠፋል” አልኳት። “በይ ያን ገመድ አቀብዪኝ።”

አቀበለችኝ። ገመዱን ይዛ ግን ቶሎ አልለቀቀችውም።

በ12ኛው ወር፣ በ23

ዛሬ የማድ ቤቱ አምላክ ወደ ሰማይ የሚወጣበት ቀን ነው። ክፉ እንዳያወራብን አፉን በስኳር ቀባነው። “የተረፈውን እማማ ፑ አፍ ላይ” አልኩ። እማማ ፑ ሰምተውኝ አኮረፉ። ምስኪን፤ የረሱት መልእክት ምን እንዳስከተለ ካወቁ ወዲህ በየቀኑ አንድ ማንዳሪን ያመጡልኛል፤ ለምን እንደሆነ አይናገሩም፣ አልጠይቃቸውም።

የሚጠይቅ አልመጣም። የሚሳቅበትን ጥግ ማን ያነባል? ቾንግቺንግ ደግሞ የራሱ ጋዜጣ አለው። ደግሞስ ሰው ይሞታል፣ ቤት ይቀይራል፣ ይረሳል። እኔ ደህና ነኝ።

በ12ኛው ወር፣ በ29

ሱዪን ለበዓሉ ወደ እናትና አባቷ ሄደች። “ና አብረን እንሂድ” ብላ ለመነችኝ። “በሩን ማን ይጠብቃል?” አልኳት። “አጎቴ፣ በር እኮ አይሰረቅም።” “የእኔን አሞራ ሰርቆት የለ?” አልኳት። ሳቀች፤ አውቶቡሱ ሲነሳ ግን በመስኮት ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። አውቶቡስ ሲሄድ ማየት አልወድም።

በ12ኛው ወር፣ በ30

ዋዜማ። የዛሬው ጭጋግ ውሻ ባለቤቱን የማይለይበት ነው። ከቀትር ጀምሮ ጎብኚ ተመናመነ፤ ሁሉም ወደየእራቱ ነው። አዳራሹን ሲመሽ እዘጋለሁ። ለአሁኑ ከበሩ ኋላ፣ ወንበሬ ላይ ነኝ፤ የከሰል ማሞቂያ ቅርጫቴን ከእግሬ ሥር አድርጌ፣ ቋሊማ ቆርጬ። ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አውጥቻለሁ። በዋዜማ አንድ ብቻ ማስቀመጥ ገደቢስ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ወረቀቱን ላነሳ ወጥቼ ነበር። ጫፉን አረጠብኩት። የሩዝ ውሃ ክፉ ነው፣ ቶሎ አይለቅም። እጄን ስለበረደኝ ተመለስኩ። ሻይ ልጠጣና አነሳዋለሁ።

አለቃ ታን አልፎ ሄደ። “አነሳኸው?” አለ። “እያነሳሁት ነው” አልኩ። የተንጠለጠለውን ጫፍ አየ፣ እኔን አየ። “ገና አልመሸም” ብሎ ሄደ።

ካነሳሁት በኋላም በሩ አለ። በሩ ይበቃል። ሰው ብዙ ነገር መመኘት የለበትም፣ በተለይ የታች ጥርሱ የራሱ ያልሆነ።

አንድ ሰው በሩን እየገፋ ነው። ዛሬም አያርፉም። ይግፋ፤ ሲደክመው ይሄዳል።

ወጣት ነው፣ በድምፁ። “እማዬ፣ ተቸንክሯል። ለዕይታ እኮ ነው የቆመው።”

ወረቀቱን እያነበቡ ይሆናል። የሚስቁት አሁን ነው።

አልሳቁም።

ሴት ናት። የቾንግቺንግ አነጋገር ነው።

“አልተቸነከረም። ዞር በል ልጄ፣ እኔ ላሳይህ። ሰነፍ አህያ ነው፤ መጀመሪያ በጉልበት ከፍ…”

አቃሰተ። አጭር፤ አንድ ጊዜ